ለክቡር የጤና ሚኒስትር ግልጽ ደብዳቤ፦ ሲቢሲ ወረቀት ላይ ስላለችው ሬሾ

ክቡር ሚኒስትር፣ ጤና ይስጥልኝ። ላብራቶሪ ውስጥ ደም የምመረምር ሰው ነኝ፣ በቀን ስንት ቲዩብ በእጄ እንደሚያልፍ ቆጥሬ አላውቅም። ለባለስልጣን ደብዳቤ ስጽፍ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው ስለዚ አጻጻፌ የቢሮ ካልሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንድጽፍ ያደረገችኝ አንዲት ወረቀት ነች፣ የአጎቴ የሲቢሲ ማለትም የደም ሴሎች ቆጠራ ውጤት።

አጎቴ ድምፁ ጎርነን ብሎ ወራት ከረመ። ጉንፋን ነው ብርድ ነው ሲባል ቆይቶ ጭራሽ ትንፋሽ ሲያጥረው ሆስፒታል ተወሰደና ማንቁርቱ ላይ ዕጢ ተገኘ። የገባበት ሌሊት ሲተነፍስ ያፏጭ ስለነበር እብጠቱ እንዲቀንስለት ዴክሳሜታዞን የሚባለውን ስቴሮይድ ወጉት፣ ጎበዞች ናቸው፣ ያቺን ሌሊት ያሻገረው እሱ ነው። ጠዋት ላይ ደሞ ደም ተቀዳ። ኒውትሮፊል 7.8፣ ሊምፎሳይት 1.2፣ ሁለቱም የነጭ ደም ሴል ዓይነቶች ናቸው። አንድ ወጣት ሐኪም ስልኩን አውጥቶ የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፈለው፣ 6.5 መጣ፣ ከዛ ኮሪደር ላይ እንደቆመ ለልጁ "ይሄ ሬሾ እንዲህ ከፍ ያለባቸው ብዙም አይቆዩም፣ ተዘጋጁ" አላት። በቃ ቤቱ ለቅሶ ቤት ሆነ። እንደውም ከዘመድ መሀል አንዳንዱ ሬዲዮቴራፒው ምን ሊያደርግለት ነው ማሰቃየት ነው እንጂ ማለት ሁሉ ጀምሮ ነበር።

ወረቀቱ እኔ እጅ የገባው በሶስተኛው ቀን ነው፣ ዓይኔ ቀድሞ የሄደው ደም ወደተቀዳበት ሰዓት ነው፣ የስራ አመል ሆኖብኝ። መርፌው ከተወጋ 10 ሰዓት እንኳ አልሞላውም! ስቴሮይድ እኮ የደም ስር ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የነበሩትን ኒውትሮፊሎች አላቆ ወደ ሚዘዋወረው ደም ይለቃቸዋል፣ ሊምፎሳይቶቹን ደሞ ከደም ውስጥ ያሸሻቸዋል፣ ስለዚ ተካፋዩ ይጨምራል አካፋዩ ይቀንሳል፣ ዕጢው ቅንጣት ሳያድግ ሬሾው ብቻውን ሽቅብ ይወጣል። መድኃኒቱ ከቆመ ከሁለት ሳምንት በኋላ ራሴ ቆሜ አስደገምኩት፣ 5.1 እና 1.7። ሲካፈል 3። ያው ሰውዬ፣ ያው ዕጢ።

እንዳይሳሳቱብኝ ክቡር ሚኒስትር፣ ሬሾው ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። በ2014 የታተመ አንድ ትልቅ ግምገማ 100 ጥናቶችን ሰብስቦ ከ40,000 በላይ የተለያየ ዓይነት ካንሰር ያለባቸውን ሰዎች አይቶ ኒውትሮፊል ለሊምፎሳይት ሲካፈል ከፍ ያለባቸው ሰዎች የመሞት አደጋቸው ወደ 1.8 እጥፍ እንደሚሆን አሳይቷል። የአንገትና የጭንቅላት ካንሰር ላይ የተሰሩትም ጥናቶች ብዙዎቹ ወደዛው ነው የሚያጋድሉት። ምክንያትም አለው፣ ኒውትሮፊል ሲበዛ ሰውነት ውስጥ እሳት እየነደደ ነው ማለት ነው፣ ዕጢው አዲስ የደም ስር እንዲያበቅል የሚረዱ ነገሮችንም ይለቃሉ፣ ሊምፎሳይት ደሞ ዕጢውን የሚያጠቃው ወታደር ስለሆነ ሲያንስ መከላከያው ሳሳ ማለት ነው። አልቡሚን የሚባለው ጉበት የሚሰራው የደም ፕሮቲን ሲያንስም እንደዛው ነው። የጉሮሮ በሽተኛ መዋጥ ያቅተዋል፣ ይከሳል፣ በዛ ላይ እብጠትና መቆጣት ሲኖር ጉበት አልቡሚን መስራቱን ይቀንሳል። ሰውነት ሲቆጣ ደም ውስጥ የሚጨምረው ሲአርፒ ከ10 ሚሊግራም በሊትር በላይ፣ አልቡሚን ከ35 ግራም በሊትር በታች ከሆነ ግላስጎው በሚሉት የበሽታውን አካሄድ መገመቻ ነጥብ ላይ 2 ይሰጠዋል፣ 2 ደሞ መጥፎው ነው። እነዚህ ሁሉ ከተራ ምርመራ የሚወጡ ናቸው፣ አዲስ ማሽን አያስፈልጋቸውም፣ እኔን የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። ቁጥሩ እያንዳንዱ ወረቀት ላይ አለ፣ ማሽኑ አትሞታል፣ ግን የሚታየው ሄሞግሎቢንና ጠቅላላ ነጭ ደም ሴል ብቻ ነው፣ ሌላው ፋይል ውስጥ ይታጠፋል። አለዚያ ደሞ እንደ አጎቴ ኮሪደር ላይ ፍርድ ይሆናል።

ስለ ሄሞግሎቢን ካነሳሁ አንድ ታሪክ ልንገርዎት፣ ለፖሊሲ ሰው ይጠቅማል ብዬ ነው። ጨረር ዕጢን በደንብ ለመግደል ኦክስጅን ይፈልጋል፣ ደም ያነሰው በሽተኛ ሬዲዮቴራፒው እንደሌላው አይሰራለትም፣ ይሄ ድሮም የታወቀ ነው። ታዲያ ሄሞግሎቢኑን ከፍ ብናደርግለትስ ተባለና የአንገትና የጭንቅላት ካንሰር ላለባቸው 351 ሰዎች ገሚሱ ቀይ ደም ሴል እንዲመረት የሚያደርገው ኤሪትሮፖይቲን ገሚሱ መድኃኒት የሌለው መርፌ ተሰጣቸው። ውጤቱ በ2003 ወጣ። ሄሞግሎቢኑ ከፍ አለ፣ ወረቀቱ አማረ፣ በሽታው ግን መድኃኒቱን በወሰዱት ላይ ባሰ። ቁጥሩ መጥፎ ዜና ይነግረን ነበር፣ ቁጥሩን ማስተካከል ግን በሽተኛውን አላዳነም። እኔ ይሄን ካነበብኩ ወዲህ ሰዎች ሬሾዬን የሚያወርድልኝ ቫይታሚን ንገረኝ ሲሉኝ የምመልሰው ይጠፋኛል፣ እና ይጠይቁኛል እኮ፣ በየጊዜው።

ሌላው ደሞ "የጉሮሮ ካንሰር" የምንለው አንድ በሽታ አለመሆኑ ነው። ማንቁርት አለ፣ ከማንቁርት ጀርባ ያለው የታችኛው ጉሮሮ አለ፣ ቶንሲልና የምላስ ስር ያለበት መሀለኛው አለ፣ ከአፍንጫ ጀርባ ያለው አለ። መሀለኛው ላይ የሚወጣው በኤችፒቪ ቫይረስ የመጣ ከሆነ ተስፋው ሌላ ነው፣ በ2010 በወጣ ጥናት ከ3 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ቫይረሱ ካለባቸው 82 በመቶ፣ ከሌለባቸው 57 በመቶ ነበሩ። ይሄ የታየው ከዕጢው በተወሰደ ናሙና ነው፣ ከዛ ወዲህ ዓለም አቀፉ የስቴጅ (የበሽታው ደረጃ) አወጣጥ ራሱ ለሁለቱ ተለያይቷል። ከአፍንጫ ጀርባ ያለው ላይ ደሞ ደም ራሱ ይናገራል፣ የኤፕስታይን ባር ቫይረስ ዲኤንኤ ፕላዝማ (ፈሳሹ የደም ክፍል) ውስጥ ይገኛል፣ ሆንግ ኮንግ ላይ ምልክት የሌላቸው ከ20,000 በላይ ወንዶች በዚሁ ተመርምረው 34 ካንሰር ተገኝቶ ብዙው ገና በጊዜው ስለነበር ሊታከም ችሏል፣ ህክምና ካለቀ በኋላም ዲኤንኤው ደም ውስጥ ከቀረ ነገሩ ያሰጋል። አሁን አስቡት፣ ይሄን ሁሉ አንድ ላይ ጨፍልቆ ሬሾው ለምሳሌ ከ4 በላይ ከሆነ መጥፎ ከ4 በታች ከሆነ ጥሩ ማለት ምን ማለት ነው? አንዱ ጥናት 2.5 ላይ ይቆርጣል ሌላው 5 ላይ፣ ብዙ ጊዜም መቁረጫው የሚመረጠው ማን እንደሞተ ከታወቀ በኋላ ነው፣ ከሞቱ በኋላማ ማንም ነቢይ ነው። መቁረጫው እንዴት እንደተመረጠ በግልጽ ይጻፍ የሚለው ሪማርክ የሚባለው መመሪያ የወጣው በ2005 ነው፣ ስንቱ እንደሚከተለው እንጃ።

እንግዲህ የምለምንዎት ይሄ ነው። አንደኛ፣ ማንም የጤና ተቋም የደም ሬሾን ብቻ ይዞ ለበሽተኛ ሬዲዮቴራፒም ኬሞም ቀዶ ጥገናም አይሰጥህም እንዳይል ቁርጥ ያለ መመሪያ ይውጣ። ወረፋ ሲረዝም ቁጥር የያዘ ሰው ቁጥሩን ለመዝጊያነት መጠቀም ይጀምራል፣ ሰው ነው፣ ይሄ ክፋት አይደለም ድካም ነው፣ መመሪያ ከሌለ ግን ድካሙ ያሸንፋል። ቁጥሩ ከፍ ያለበት ሰው ክትትሉ ይጠንክርለት፣ ምግብ በቶሎ በቱቦ ይጀመርለት፣ ጥርሱ ይታይ ሳንባው ይታይ፣ ምክንያቱም የተደበቀ ኢንፌክሽንም ኒውትሮፊልን ያወጣል፣ የጉሮሮ በሽተኛ ደሞ ምራቁ ሳንባው ውስጥ እየገባ ስንቴ ኒሞኒያ ይይዘዋል።

ሁለተኛ፣ በየላብራቶሪው ኮምፒውተር ላይ ያለው የሲቢሲ ዳታ ቦታ ሞላ ተብሎ እየተደመሰሰ ነው። አያስደምስሱት። ህክምና ከመጀመሩ በፊት የተቀዳው ደም ከካንሰር መዝገቡ ጋር ይያያዝ፣ በሽተኛው ከ2 ዓመት ከ5 ዓመት በኋላ የት እንዳለ ይጻፍ፣ መቁረጫውንም ከሌላ ሰው ጥናት ላይ ከመቅዳት ከራሳችን በሽተኞች ላይ እናውጣው፣ ለማንቁርት ለብቻ፣ ለሌላውም ለብቻ። ለዚህ የሚያስፈልገው ትንሽ የኮምፒውተር ስራና ስልክ የሚደውል አንድ ሰው ነው።

ሶስተኛዋ ትንሽ ናት፣ ለኔ ግን ከሁሉም ትበልጣለች። ደም እንዲመረመር ሐኪሙ የሚሞላት መጠየቂያ ወረቀት ላይ ስም አለ፣ ዕድሜ አለ፣ ካርድ ቁጥር አለ፣ ከስር ደሞ ማንም የማይሞላው "ተጨማሪ መረጃ" የሚል ባዶ ቦታ አለ። እዛ ባዶ ቦታ ላይ ሁለት ጥያቄ ያሳትሙልን፦ በሽተኛው ባለፉት 2 ሳምንታት ስቴሮይድ ወስዷል ወይ፣ ከወሰደ መጨረሻ የወሰደው መቼ ነው? ትኩሳት ወይም ኢንፌክሽን አለበት ወይ? የዛን ቀን ጠዋት ወረቀቱ ላይ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ቢኖሩ ኖሮ ማሽኑ ላይ የነበረው ባልደረባዬ ከ6.5ቱ ጎን አንዲት ምልክት ያደርግ ነበር፣ ሐኪሙም ወደ ኮሪደሩ ከመውጣቱ በፊት ቆም ይል ነበር።

አጎቴ ሬዲዮቴራፒውን 35ቱንም ቀን ጨርሷል። ሁለቱም ወረቀቶች እኔ ጋ አሉ፣ ቢሮዎ ከፈለጋቸው ስሙን ሸፍኜ አመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ