ከጣርማበር ጉዞ በፊት ኮርቻችሁን እዩልኝ

ሰላም የደብረ ብርሃን ልጆች፣ ጉልበቴን አመመኝ የምትሉ ስለበዛችሁ ቅዳሜ በሳይክል ወደ ጣርማበር ሳንወጣ ሁላችሁም የሳይክላችሁን ኮርቻ አስተካክሉ እሺ። ግድግዳ ተደግፋችሁ ሳይክሉ ላይ ቁጭ በሉና ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጉ፣ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ካለ ከፍታው ጥሩ ነው፣ ከዛ በእግራችሁ ፊተኛው ክፍል ስትረግጡ ጉልበት ወደ 30 ዲግሪ አካባቢ እጥፍ ይላል። ጉልበታችሁን ከፊት የሚያማችሁ ኮርቻው በብዛት ዝቅ ብሎባችሁ ነው፣ ከኋላ ከሆነ ደግሞ ከፍ ብሏል። የኮርቻው የፊት ጫፍ ወደ ታች ካዘነበለ ክብደታችሁ እጅ ላይ ይወርድና መዳፋችሁ ይደነዝዛል፣ ውሃ ልክ አድርጉት። ስታስተካክሉ ትንሽ ትንሽ ነው፣ 5 ሚሊሜትር እንኳን ለውጥ አላት። ብቻ እባካችሁ የኮርቻው ቱቦ ላይ ያለችውን የመጨረሻ መስመር አሳልፋችሁ አትሳቡት፣ ቁልቁለት ላይ ቢሰበር አደጋ ነው። መፍቻ የሌላችሁ ቀደም ብላችሁ ኑ፣ እኔ ይዣለሁ።