እማዬን ላተረፋችሁልን ሁሉ፦ ምስጋና ከሽምብጥ

ጤና ይስጥልኝ። እማዬ ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ገብታለች። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትቆጣለች። መቆጣት ስትጀምር ነው በደንብ እንደተሻላት ያመንኩት። ደውላችሁ ያላነሳሁላችሁ ብዙ ናችሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ከመጀመሪያው እየጀመርኩ ማውራት ስላቃተኝ እዚሁ ጽፌ ሁላችሁንም አንድ ላይ ላመስግን ብዬ ነው። ይረዝማል፤ የሚመሰገነው ሰው ስለበዛ ነው።

ነገሩን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። እማዬ ከልጅነቷ ጀምሮ አስም አለባት። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር የምታውቋት እንጀራ ጋግራ ስትሸጥ ነው፤ በባሕር ዛፍ ቅጠል፣ በጭራሮና በሳጋቱራ፣ ጭስ መውጫ በሌለው ማድቤት። ሳሉ ሲብስባት አንድ ክሊኒክ ትሄዳለች፣ “ብሮንካይት ነው” ይሏታል፣ አንቲባዮቲክ ይዛ ትመለሳለች። ደረቷን ሲያፍናት ደግሞ ሰማያዊውን ፓፍ፣ በአፍ የሚረጨውን መድኃኒት፣ ትስባለች። እንዲህ እያለች ስንት ዓመት ኖረች። ዘንድሮ ኅዳር ሲታጠን ግን ሰማያዊውም እምቢ አለ።

ኅዳር 12ን ታውቁታላችሁ። ሰፈሩ ይጠረጋል፣ ቆሻሻው በየደጁ ተከምሮ ይለኮሳል። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ስንቱን የፈጀው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፣ ራስ ተፈሪን ሳይቀር አልጋ ላይ የጣለው፣ “የኅዳር በሽታ” ተብሎ ስሙ ቀረ፤ ጭሱም እስከ ዛሬ ማስታወሻው ሆነ። ድሮ የሚቃጠለው ሣርና ቅጠል ነበር ይላሉ ትልልቆቹ። አሁን ፌስታል ነው፣ አሮጌ ጎማ ነው፣ የልጅ ዳይፐር ነው። ጽዳቱን እወደዋለሁ። የትንፋሽ በሽታ ይባረር ተብሎ ፌስታል አቃጥሎ ሰፈሩን ሁሉ ማሳሉ ግን እስከ ዛሬም አልገባኝም።

የዚያን ቀን አመሻሽ ላይ እማዬ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ ተክላ ተቀምጣለች። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። አየር ስትስብ አንገቷ ሥር ያለው ጉድጓድ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። “ምን ሆንሽ?” ስላት “ው…” ብላ ቀረች። ውሃ ማለቷ ነበር። ቃሉን መጨረስ አልቻለችም።

የሰፈራችን ልጆች፣ ከእናንተ ልጀምር። እኔ እማዬን ተሸክሜ ስወጣ እናንተ ማንም ሳያዛችሁ ባልዲና ጀሪካን ይዛችሁ በየደጁ ያለውን እሳት ስታጠፉ አይቻለሁ። አንዳንድ ሰው እንደተቆጣችሁም ሰምቻለሁ፤ እሱን ለእኔ ተዉት። የባጃጁ ወንድሜ፣ ጭሱ እንዳይገባ ሸራውን ግራና ቀኝ ዘግተህ፣ ክላክስህን ሳትለቅ አደረስከን። ሒሳብ ስልህ “ሂድ ግባ” ብለኸኝ ጠፋህ። ስልክህን እንኳ አልያዝኩም። ይህን ካየህ ብቅ በል፣ እማዬ ሳትመርቅህ አትቀርም።

የድንገተኛ ክፍል ሠራተኞች ስማችንንም ሆስፒታሉንም እንዳትጽፍ ብላችሁኛል። “ነገ ሁሉም እኛን ካልሆነ ብሎ ይመጣል” ስላላችሁኝ እሺ፣ አልጽፍም። ያደረጋችሁትን ግን እጽፋለሁ።

ጣቷ ላይ የሰካችሁት መለኪያ 82 አለ። የደም ኦክስጅን ነው፤ የጤነኛ ሰው 95 አካባቢና ከዚያ በላይ ነው። ሐኪሙ ደረቷን ሲያዳምጥ ፊቱ ተለዋወጠ። ደረቷ ማፏጨቱን ትቶ ጸጥ ብሏል። የሚያፏጭ ደረት ቢያንስ አየር እያለፈበት ነው፣ ጸጥ ሲል ነው የሚያስፈራው ብሎ ኋላ አስረዳኝ። ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ ተደረገ። መድኃኒቱን በእንፋሎት የሚሰጠው መሣሪያ ግን አንድ ሕፃን ላይ ነበር፣ ከሕፃን አፍ አይነጠቅ።

ያን ጊዜ ነርሷ ያደረገችውን መቼም አልረሳውም። ወንበር ሥር የነበረ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ አነሳች። ውሃውን ደፋች። ቂጡን በምላጭ በፓፉ አፍ ልክ ቀደደችው፣ ፓፉን ሰካችበት፣ ዙሪያውን በፕላስተር ጠቀለለችው። የጠርሙሱን አፍ እማዬ ከንፈር ላይ አድርጋ “በይ እናቴ፣ ቀስ ብለሽ ሳቢ… አሁን አውጪ… እንደገና” እያለች ትጫናለች። ጎንበስ ብላ፣ ፊቷን ፊቷ ላይ አስጠግታ፣ አብራት እየተነፈሰች። ተራ ሃይላንድ! የማውቀውን ለማንም መንገር ስለምወድ ቤት ገብቼ አነበብኩ። ለካ የነርሷ የራሷ ፈጠራ ብቻ አይደለም። ኬፕታውን ውስጥ ሄዘር ዛር የምትባል የሕፃናት ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር ሆና አስም የተነሳባቸው ልጆች ላይ ሞክራዋለች፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት የሕክምና መጽሔት ላይ ታትሟል። በደንብ የታሸገ የግማሽ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ በውድ ከሚሸጠው ዕቃ እኩል ሠርቷል። ጥቅሙ ምንድን ነው ያላችሁ እንደሆነ፣ ፓፉ በቀጥታ አፍ ውስጥ ሲረጭ አብዛኛው መድኃኒት ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ጠርሙሱ ውስጥ ከገባ ግን ትንፋሽ ያጠረው ሰውም ረጋ ብሎ ይስበዋል፣ ሳንባው ድረስ ይደርሳል። ዶክተር ዛር ይህን አታነብም፣ አማርኛም አታውቅም፤ ቢሆንም እግዜር ይስጣት።

አዋላጇን ደግሞ ልዩ ምስጋና አመሰግናለሁ። ፓፉም፣ በደም ሥር የተሰጠው መድኃኒትም በቂ ሳይሆን ሲቀር ሐኪሙ “ማግኒዥየም” አለ። ድንገተኛ ክፍል አልነበረም። ማዋለጃ ክፍል ነበር፤ የነፍሰ ጡር ሴት ደም ግፊት ወደ መንቀጥቀጥ እንዳይሄድ የሚሰጡት እሱን ነው። የአየር ቧንቧ ዙሪያ የተኮማተረውን ጡንቻም ያላላል። አዋላጇ በሩጫ ይዛ መጣች፣ “ወንድ ነው ሴት?” ብላ ቀለደች፣ ሰጥታ በሩጫ ተመለሰች። በዚያ ሰዓት የሚያስቀኝ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ሊነጋጋ ሲል እማዬ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ተናገረች። “ልጄ፣ ሊጡን ማን ከደነው?” አለች።

ወጣቱ ዶክተር፣ አንተን የማመሰግንህ በሕክምናው ብቻ አይደለም፤ እሱ ሥራህ ነው ትለኛለህ። ተረኛነትህን ጨርሰህ መሄድ ስትችል የጓንት ካርቶን ገልብጠህ ለእኔና ለእኅቴ የሳንባን ቧንቧ ስለሣልክልን ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ አስም ማለት ደረት መታፈን ነው ብለው ነው ሁሉም የነገሩን። አንተ ግን ዋናው ነገር ብግነት መሆኑን አሳየኸን። የቧንቧው የውስጥ ሽፋን ሰው ደህና በሆነበት ቀን እንኳ ተቆጥቶ፣ አብጦ ይኖራል። ጭስ ወይ ብርድ ወይ ጉንፋን ሲነካው ዙሪያው ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ አክታው ይወፍራል፣ መንገዱ ይዘጋል። ሰማያዊው ፓፍ፣ ሳልቡታሞል፣ ጡንቻውን ለጥቂት ሰዓት ያላላል እንጂ እብጠቱን አይነካውም። “እሳቱን ሳያጠፉ መስኮት እንደ መክፈት ነው” አልክ፣ እማዬም እንጀራ ጋጋሪ ናትና ወዲያው ገባት። እብጠቱን የሚያበርደው ያ ሰው ሁሉ የሚሸሸው፣ በየቀኑ የሚሳበው፣ ቤክሎሜታዞን የሚባለው ቡናማው ፓፍ ነው። በዓለም ደረጃ የአስም ሕክምና መመሪያ የሚያወጡት ሐኪሞች በ2019 እ.ኤ.አ. ለአዋቂ አስም ሰማያዊውን ብቻውን መስጠት ይቅር ብለዋል። እኛ ሰፈር ግን ወሬው ገና አልደረሰም፤ አሁንም ፋርማሲ ሄዶ ሰማያዊውን ብቻ ገዝቶ የሚመለሰው ብዙ ነው።

“ፓፍ ሱስ ያስይዛል” ላሉት ጎረቤቶቻችንም የሰጠኸውን መልስ ላድርስ። ሱስ አያስይዝም። መጠኑ እንኳ የቡናማው አንድ ፓፍ 100 ማይክሮግራም ነው፣ የሚሊግራም አንድ አሥረኛ ማለት ነው፤ ሲብስባት ለዚያው እብጠት በክኒን የሰጧት ፕሬድኒሶሎን ግን በቀን 40 ሚሊግራም ነበር። በየጊዜው ታፍኖ በክኒን ከመታከም በየቀኑ ትንሿን መሳብ ይሻላል። ከተሳበ በኋላ አፍን ተጉመጥምጦ መትፋት ብቻ ነው፣ አለበለዚያ አፍ ውስጥ ነጭ ነገር ይወጣል።

አሁን ወደ ገረመኝ ነገር ልምጣ። የደም ምርመራዋ ላይ ኢዮሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሕዋስ ከፍ ብሎ ታየ። አስም ላይ ቧንቧውን ከሚያስቆጡት አንዱ እሱ ነው። ዶክተሩ ግን ወዲያው አስም ነው ብሎ አልዘጋውም። “ጣና ውስጥ ትገቢያለሽ እናቴ? ልብስ እዚያ ታጥቢያለሽ?” ብሎ ጠየቃት፣ ሰገራም አስመረመረ። የሆድ ትልና ቢልሃርዚያም ያንኑ ሕዋስ ከፍ ያደርጋሉ፤ ሐይቅ ዳር ለምንኖር ሰዎች ይህ ቀልድ አይደለም። ለካ ይህ ሕዋስ የሚሠራበት የመከላከያ ክፍል ከትል ጋር የሚታገለው ነው፤ አስም ላይ ምንም ትል ሳይኖር በአበባ ብናኝ ወይ በአቧራ ላይ ይነሳል።

ይህን ጉዳይ ለዓለም ካሳዩት አንዱ የእኛው አገር ጥናት መሆኑን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ጅማ ላይ ነው የተሠራው፣ ኢትዮጵያውያንና እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች አንድ ላይ ሆነው። በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ላይ አስም በከተማው ከገጠሩ ይልቅ በዝቶ ተገኘ። በ2001 እ.ኤ.አ. ደግሞ የመንጠቆ ትል (በባዶ እግር ስንሄድ በቆዳ የሚገባው የአንጀት ትል) ያለባቸው ሰዎች ደረታቸው የማፏጨት ዕድሉ ያነሰ መሆኑን ጻፉ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ትሉን ሆን ብለው አስም ላለባቸው ሰዎች ሰጥተው ሞከሩት፤ አስሙ ላይ ግልጽ ለውጥ አላመጣም። ስለዚህ ማንም በባዶ እግሬ ልሂድ እንዳይል፣ ደም ማነስ ነው የሚያተርፈው! ግን ስማችሁ የትም ያልተጻፈ የጅማ ገበሬዎችና የከተማው ሰዎች፣ ጥያቄ ሊጠይቅ ለመጣ ሰው በራችሁን ከፍታችሁ፣ ሰገራችሁን በዕቃ ሰጥታችሁ፣ ባሕር ዳር ላለች የማታውቋት ሴት ተርፋችኋል። ማን አመሰገናችሁ ይሆን? እኔ አመሰግናለሁ።

ዶክተሩን ያስተማሩትንም ሳላነሳ አላልፍም። የሳንባ ስፔሻሊስት በአገራችን ማሠልጠን የተጀመረው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፣ ጥቁር አንበሳ ላይ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው ትምህርት ባሕር ማዶ ነበር። ከጥቁር አንበሳው ሥልጠና የወጣ ሐኪም ያስተማረው ሐኪም እናቴ አጠገብ ቆመ ማለት ነው።

ቀሪውን በአጭሩ። ቡናማው ፓፍ እዚህ በየፋርማሲው ጠፍቶ ስንንከራተት፣ አዲስ አበባ ያለኸው የአጎቴ ልጅ ፈልገህ ገዝተህ በተሳፋሪ እጅ በአውሮፕላን ላክህልን። ይዛልን የመጣችው እኅት፣ ሻንጣሽ ውስጥ ሳይሆን በእጅሽ ይዘሽ እንደመጣሽ ነግረሽናል። እድራችን የኤሌክትሪክ ምጣድ መግዣ አበድሮናል። መብራት ሲጠፋ ምን ይሁን የሚለው ገና አልተፈታም፤ እማዬም “የእንጨቱ ዓይን ያወጣል፣ ይሄ ልሙጥ ነው” እያለች ታማርራለች። ደንበኞቿ ግን ልዩነቱን አላወቁትም፣ እንዳትነግሯት። የንስሐ አባቷ ጠበሉንም ፓፉንም አትተዪ ብለው ስለመከሩልን ነገሩን አቅልለውልናል፤ ከእኔ አፍ ቢወጣ አትሰማኝም ነበር። ጎረቤቶቻችን፣ እማዬ ስትኖር ዕጣን ሳታጨሱ ቡና ማፍላታችሁን አይቻለሁ። ለእናንተ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሆስፒታል የመጀመሪያዋ ሌሊት ላይ ከጎናችን ባለው አልጋ አባቷን ስታስታምም የነበረችው ከዘጌ የመጣች እኅት፣ እማዬ ስትንቀጠቀጥ ነጠላሽን አውልቀሽ አለበስሻት። ጠዋት እኛን ወደ ሌላ ክፍል ሲያዛውሩን ተላለፍን። አባትሽ እንዴት ሆኑ? የምታውቋት ካላችሁ ይህን አሳዩአት። ነጠላው እኛ ጋር ነው፣ እኔም በሳምንት ጥቂት ቀን በጀልባ ወደ ዘጌ ስለምመላለስ የሰፈርሽን ስም ብቻ ንገሪኝ፣ አደርስልሻለሁ።