የኡቡንቱ ዝመና ሲከሽፍ

ውድ የድሬ አባላት፣

ኡቡንቱ (የኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ሲዘመን ከከዚራም ከመጋላም የሚደርሰን ችግር ብዙውን ጊዜ መነሻው አንድ ነው፤ ፓኬጅ (የፕሮግራም ጥቅል) እየተጫነ መብራት ይጠፋል። ፓኬጆችን የሚጭነው ፕሮግራም፣ ዲፒኬጂ፣ ሥራው መሃል ላይ ስለተቋረጠበት ሌላ ነገር አልጭንም ይላል። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍታችሁ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»፣ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል» በሉ። ሎክ ፋይሉን (ሁለት ጭነት በአንድ ጊዜ እንዳይሠራ የሚቆልፈውን ፋይል) ግን እባካችሁ አትሰርዙ፤ ከጀርባ በራሱ የሚሠራ ዝመና ይዞት ሊሆን ስለሚችል እስኪጨርስ ታገሡት።

ዝመናው «ኖት ቫሊድ የት» (ጊዜው ገና ነው) የሚል ስህተት ካሳየ የኮምፒውተሩን ቀን እዩ። የማዘርቦርዱ ባትሪ ያለቀበት ኮምፒውተር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል። ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር የሞላም 7 ወይም 8 ዓመት ስለሚያጎድል፣ ማሽኑ ከሰርቨሩ የመጣውን ፋይል ቀኑ ገና ያልደረሰ አድርጎ ይቆጥረዋል። ቀኑ ሲስተካከል ዝመናው ይቀጥላል።

የዲስኩ ቦታ ከሞላ «ሱዶ አፕት አውቶሪሙቭ» የማያስፈልጉ የቆዩ ከርነሎችን (የሲስተሙን እምብርት የድሮ ቅጂዎች) ያነሳል።

ካልተፈታ ጻፉልን፤ የስክሪን ፎቶ ግን አይበቃም። ፎቶው የሚይዘው መጨረሻ ላይ ያለውን «ኤረር ኮድ 1» ነው፤ እሱ ብቻውን ምንም አይነግረንም፣ ምክንያቱ ከበላዩ ነው ያለው። ቫር ውስጥ፣ ሎግ ውስጥ፣ አፕት የሚባለው ፎልደር ውስጥ ያለውን የተርም ሎግ ፋይል እንዳለ ላኩ። የኡቡንቱውን የቨርዥን ቁጥርና መብራት ጠፍቶ እንደነበር አብራችሁ ጥቀሱ።