ስለ አዌቱ ዳር የቀረ ነገር አለ

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ስለ ጅማ መናፈሻዎች ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ፎቶዎቹ በጣም ያምራሉ። ግን አሁን መናፈሻ የሆነው የአዌቱ ወንዝ ዳር ድሮ ምን ይመስል እንደነበር አንድ መስመር እንኳ የለውም፣ እዚህ ላደግን ሰዎች ደሞ ዋናው እሱ ነው።

ያደግኩት እዚሁ ጅማ መርካቶ አካባቢ ነው። አዌቱን ተሻግረን ነበር ትምህርት ቤት የምንሄደው፣ እናቴ ጠዋት በር ላይ ቆማ "በድልድዩ ብቻ፣ በዛፎቹ መሀል እንዳታቋርጡ" ትለን ነበር፣ ማታ ከሆነ ደሞ ጭራሽ አይታሰብም። በ1998 ታላቅ ወንድሜ ከጥናት ሲመለስ መሽቶበት መንገድ ላሳጥር ብሎ በዛፎቹ ገባ፣ ሦስት ሆነው ያዙት፣ ስልኩንም ጫማውንም ወሰዱበት፣ ፊቱ አብጦ በካልሲ ቤት ደረሰ። እናቴ እግሩን እያጠበች ስታለቅስ እስከዛሬ ትዝ ይለኛል። እኛ ሴቶቹማ አስራ ሁለት ሰዓት ካለፈ በዛ በኩል ማለፍ ትተን ነበር።

ሰው ሁሉ ያኔ "ዱርዬ በዝቶ ነው" ይላል፣ እኔ ግን ቦታው ራሱ ለዱርዬ የተመቸ ነበር ባይ ነኝ። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ክረምት ላይ ሳሩ ካልታጨደ ሰው ይደብቃል፣ መብራት የለም፣ ሽንት ቤት ስለሌለ ደሞ ሰው ዛፍ ስር ይፀዳዳል፣ ከመጥፎው ጠረን የተነሳ ቤተሰብ ይዞ የሚመጣ የለም፣ ቤተሰብ ከሌለ ቦታው ለቀማኛ ቀረ ማለት ነው።

ይሄ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ኒውዮርክ መሀል ከተማ ብራያንት ፓርክ የሚባል አለ፣ በፈረንጆች 1970ዎቹ እፅ ሻጭ የሞላበት ነበር። ዊልያም ዋይት የሚባል ተመራማሪ ሲያጠናው ፓርኩ ከመንገዱ ከፍ ያለ፣ በአጥርና በቁጥቋጦ የተከበበ ስለሆነ ውስጡ ያለው ከመንገድ አይታይም፣ ሰው የሚፈራው ለዛ ነው አለ። ከዛ አድሰው በፈረንጆች 1992 ሲከፍቱት ቁጥቋጦውን አንስተው፣ መግቢያውን አስፍተው፣ ሰው ወደፈለገበት እያንቀሳቀሰ የሚቀመጥበት ወንበር አስገቡ፣ ሰው ሞላው፣ ሰው ሲሞላው ሌባው ቦታ አጣ።

እና አሁን አዌቱ ዳር አንዳንድ ቦታ ለአጥር ተብሎ የተተከለው ተክል እያደገ ሲሄድ ሳይ ልቤ ይፈራል። እባካችሁ ከወገብ በላይ ሳያድግ ይከርከም፣ ሽንት ቤቶቹ አይቆለፉ፣ መግቢያም ገንዘብ አይጠየቅ፣ ምክንያቱም ማታ ላይ ቦታውን የሚጠብቁት ሻይ ሊጠጡ የወጡ እናቶችና ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ናቸው፣ እነሱ ከቀሩ ዘበኛ ብቻውን ምንም አያደርግም።

ለእናንተም አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ቀጣይ ጋዜጠኛ ስትልኩ ከቀኑ አስር ሰዓት ሳይሆን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ይምጣ፣ ከድልድዩ ጀምሮ በወንዙ ዳር እየሄደ ስንት መብራት እንደበራ ስንቱ እንደጠፋ ይቁጠርና ቁጥሩን ፃፉልን።

አንባቢያችሁ፣ ከጅማ