መደርደሪያው ቻርጀሩን አላበላሸም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ለገጣፎ ውስጥ እንጀራ ጋግሬ ለአያትና ለሲኤምሲ ሱቆች የማከፋፍል ሴት ነኝ። ባለፈው ዓመት ካጠራቀምኩትና ከተበደርኩት አንዲት የኤሌክትሪክ ሚኒቫን ገዛሁ። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ አዲስ መኪና ለሚፈልግ ሰው ያለው መንገድ ይኸው ነው። ሻጮቹ ለባትሪው የ8 ዓመት፣ ለሌላው ዕቃ የ3 ዓመት ዋስትና አለው ብለው ማኅተም ያለበት አንድ ገጽ ወረቀት ሰጡኝ። ከመኪናዋ ጋር የመጣው መጽሐፍ በቻይንኛ የተጻፈ ነው።

በሰባተኛው ወር መኪናዋ ቤት ውስጥ ቻርጅ አልቀበልም አለች። ስሰካት አረንጓዴው መብራት አንዴ ብልጭ ይልና ይጠፋል። የሠፈር ኤሌክትሪሺያን ጠርቼ ሶኬቱን አስለካሁ፤ ምንም አልነበረበትም። ፈጣን ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ስወስዳት ደግሞ ያለ ችግር ሞላች። ኤሌክትሪሺያኑ ነገሩን ሲያስረዳኝ፣ የቤቱ 220 ቮልት መጀመሪያ መኪናዋ ውስጥ ባለው ቻርጀር ተቀይሮ ነው ባትሪው ጋ የሚደርሰው፤ ጣቢያው ግን የተቀየረውን ኃይል ስለሚልክ በዚያ ቻርጀር በኩል አያልፍም። ባትሪው ደህና ነው፣ የተበላሸው ቻርጀሩ ነው ማለት ነው።

ይህን ይዤ ሻጮቹ ጋራዥ ሄድኩ። ልጁ ኮፈኑን ሳይከፍት የኋላውን በር ከፈተ። «ማዘር፣ ወንበሮቹ ተነስተዋል፣ መደርደሪያ ተገጥሟል፣ አላርሙም በኋላ የተጨመረ ነው። ዋራንቲው ቀርቷል» አለኝ። ቻርጀሩን ለመቀየር 148 ሺህ ብር ተጠየቅኩ። የኤሌክትሪክ መለኪያ እንኳ አውጥቶ አንድ ገመድ አልፈተሸም።

ስለ መደርደሪያው ልናገር። እንጀራ አንዱ ባንዱ ላይ ሲከመር የታችኛው ይጨፈለቃል፣ ዓይኑም ይደፈናል፤ ባለሱቁም አይቀበለኝም። ስለዚህ ባለ አራት ደርብ የእንጨት መደርደሪያ አሠራሁ። ትልቁ ባትሪ ከወለሉ ሥር ስለሆነ አናጢው በመሰርሰሪያ እንዳይነካው አስጠንቅቄ፣ የወንበሮቹ ብሎኖች ይገቡባቸው በነበሩት ቀዳዳዎች ብቻ አሳሰርኩት። ወንበሮቹ በላስቲክ ተጠቅልለው እቤት አሉ። ቻርጀሩ ያለው ከፊት ኮፈኑ ሥር ነው። እንጨቱ እዚያ ምን ሊያደርስ ይችላል?

አላርሙን በተመለከተ ጥያቄ ቢነሳ አይከፋኝም፤ ገመድ የነካ ሰው ስህተት ሊሠራ ይችላል። እኔም ከፍዬ አስፈትሼዋለሁ፤ የተቀጠለው ከትንሹ 12 ቮልት ባትሪና ከበሩ ቁልፍ ላይ ነው። የመብራት መዋዠቅ ነው ቢሉኝም ቁጭ ብዬ እሰማቸው ነበር፣ ሠፈራችን መብራት ሲሄድ ሲመጣ የሚያየው ያውቀዋል። መደርደሪያው ከብዶ የኋላው ሞላ ቢሰበር ኖሮ ደግሞ ዋስትና ብዬ ደጃቸው አልቆምም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነዋ።

አሜሪካ መካኒክ የሆነው የእህቴ ልጅ እንደነገረኝ፣ እዚያ በ1975 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ አለ፤ ከፋብሪካው ያልመጣ ዕቃ ስለተገጠመ ብቻ ዋስትና አይከለከልም፣ ጉዳቱን ያመጣው ያ ዕቃ መሆኑን ማሳየት ያለበት ከልካዩ ነው። የኛም አገር ባዶ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም አለ። ግን እንደኔ ያለ ሰው ጠበቃ ይዞ ፍርድ ቤት እስኪመላለስ ደንበኞቹ ሌላ ጋጋሪ ያገኛሉ።

የሸማቾችን ጉዳይ የያዙ ኃላፊዎች ይህን ካነበቡ የምጠይቃቸው አንድ ነገር ነው። ዋስትና የሚከለክል ሻጭ፣ የትኛው የተጨመረ ዕቃ የትኛውን ክፍል እንዴት እንዳበላሸ ለክቶ፣ በጽሑፍ፣ ፈርሞ እንዲሰጥ ይገደድ። እኔ በጽሑፍ ስጡኝ ስላቸው «እንዲህ ያለ አሠራር የለንም» ነው ያሉኝ። ምን ቢነካ ዋስትናው እንደሚቀርም ገንዘባችንን ሳይቀበሉ በፊት በምናነበው ቋንቋ ይንገሩን፤ ወንበር ማንሳት ክልክል መሆኑን አውቄ ቢሆን ሌላ መኪና እገዛ ነበር።

አሁን ቻርጅ ለማድረግ ማታ 3 ሰዓት ወጥቼ፣ ወረፋ ጠብቄ፣ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ እመለሳለሁ። ምጣዱ የሚጣደው ሌሊት 8 ሰዓት ነው።

እንጀራ አከፋፋይ፣ ከለገጣፎ