ቦሎው ለመኪናው ነው፤ ለሰንሰለቱስ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ኮምቦልቻ ውስጥ በመካኒክነት 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ መንጠቆ ነው።

ከ6 ዓመት በፊት እሠራበት በነበረው ጋራዥ የአይሱዙ ሞተር በፓራንኮ፣ ማለትም ሰንሰለት እየተጎተተ ከባድ ዕቃ በሚያነሳ መሣሪያ፣ እያወጣን ነበር። የፓራንኮው መንጠቆ አፉ ከፈት ብሏል። ሰንሰለቱ እንዳያመልጥ የምትይዘው ትንሿ መዝጊያም ከወለቀች ቆይታለች። ሁላችንም እናውቃለን። «ትናንት ችሏል፣ ዛሬም ይችላል» ተባለ። ሞተሩ ዘንበል ሲል ሰንሰለቱ ከመንጠቆው ሾልኮ ወጣ። አብሮን የሚሠራ ልጅ እጁ ከሥር ነበር። ሁለት ጣቶቹን አጣ። ከሆስፒታል ሲመለስ ያው ፓራንኮ ያው ቦታ ተሰቅሎ ጠበቀው።

አደጋውን ያሳወቀ ሰው የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያዛል። በሥራ ላይ የደረሰ አደጋም ተመዝግቦ ለተቆጣጣሪ መነገር አለበት። ይህን እኔ ያወቅሁት ልጁ ጣቶቹን ካጣ በኋላ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መኪና በየዓመቱ ተመርምሮ ቦሎ ይለጥፋል። ክሬን የተጫነበት መኪናም ቦሎ አለው። ያ ቦሎ ግን ለፍሬኑና ለመብራቱ እንጂ ለክሬኑ ገመድ አይመሰክርም። ባለንብረቱን ስለ ክሬኑ ስትጠይቀው ሲገዛ የተሰጠውን ወረቀት ያወጣል። ወረቀቱ ሐሰት አይደለም፤ የሚናገረው ግን ስለዚያን ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ገመዱ ዝጓል፣ ክሮቹ ተበጣጥሰዋል፣ ሰንሰለቱ ተስቧል።

እንግሊዞች በፈረንጆቹ 1998 ሥራ ላይ ባዋሉት ደንብ፣ ሰው የሚያነሳ መሣሪያ ቢያንስ በየ6 ወሩ በባለሙያ ይመረመራል። ሰንሰለት፣ ማንጠልጠያ ገመድና ሻክልም (ገመድና ሰንሰለት ከጭነቱ ጋር የሚያያይዝ ብረት) እንዲሁ በየ6 ወሩ። ዕቃ ብቻ የሚያነሳው ክሬን ግን በየ12 ወሩ ነው። ልብ በሉ፤ ትንሹ ዕቃ ከትልቁ ክሬን ቀድሞ ይታያል። እየተጎተተ፣ እየተረገጠ፣ ዝናብ ላይ እያደረ ቶሎ የሚያልቀው እሱ ስለሆነ ነው። እኛ ጋ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ክሬኑን ቀለም እንቀባለን፤ ሰንሰለቱን ከጭቃ ውስጥ አንስተን እንሰቅላለን።

ስለ አስተሳሰሩም ማንም አስተምሮን አያውቅም። 1 ቶን በሁለት ሰንሰለት ስታነሳ፣ ሰንሰለቶቹ ቀጥ ብለው ከወረዱ እያንዳንዱ 500 ኪሎ ይሸከማል። ግራና ቀኝ ተንጋደው ከአግድም 30 ዲግሪ ብቻ ከፍ ካሉ ግን እያንዳንዱ ሙሉ 1 ቶን ይሸከማል። ጭነቱ ምንም አልጨመረም።

ደሴ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከተማዋ ተዳፋት ላይ ናት። ክሬን እግሩን የሚዘረጋበት ደልዳላ ቦታ በመከራ ነው የሚገኘው። ክረምት ላይ አፈሩ ይርሳል። ሰፊ ጣውላ በማንጠፍ ፋንታ ድንጋይ ደርድረው ክሬን ሲያቆሙ አይቻለሁ። እንዲህ የቆመ ክሬን ምርመራ ቢያልፍም ይገለበጣል።

የከተሞቻችን የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎች ጋራዥ ወይም ሕንፃ ሥራ ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ «የማንሻ ዕቃ መዝገባችሁ የታለ?» ይበሉን። አንድ ደብተር ይበቃል። የዕቃው ቁጥር፣ የሚችለው ክብደት፣ የታየበት ቀን፣ ያየው ባለሙያ ፊርማ። ፊርማው ግን ዕቃውን በዓይኑ ያየ፣ በእጁ የዳሰሰ ሰው ይሁን። ቢሮ ተቀምጦ የሚፈረም ከሆነ ቢቀር ይሻላል።

ባለንብረቶችንም እለምናለሁ። ዕቃ መወደዱን አውቃለሁ። ለምርመራ ግማሽ ቀን ሥራ ሲቆም እንደሚያማችሁም አውቃለሁ። የዚያን ልጅ እጅ ብታዩ ግን ግማሽ ቀኑን ባልቆጠራችሁት።

አሁን በምሠራበት ጋራዥ ባለፈው ቅዳሜ ሰንሰለቶቻችንን አንድ በአንድ ለካን። ከሰባቱ የሁለቱ ቀለበት ሳስቷል። ባለቤቱ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፤ ቀለበቱን ሲያይ ግን ዝም አለ። ጥግ ላይ ብናስቀምጣቸው አንድ ቀን ቸኩሎ የሚያነሳቸው ሰው አይጠፋም። ስለዚህ በግራይንደር ቆራረጥናቸው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ መካኒክ፣ ከኮምቦልቻ