ለ«ሰርቪስ» አንድ ፍቺ አይበቃውም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጎንደር ከተማ ለረጅም ዓመታት እንግሊዝኛ ያስተማርሁ ጡረተኛ መምህር ነኝ። በቅርቡ የጎረቤቴ ልጅ ስለ አንድ ቤተ ክርስቲያን በሚናገር የእንግሊዝኛ ምንባብ ውስጥ «ሰርቪሱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይጀምራል» የሚል ዐረፍተ ነገር አግኝታ፣ ምእመናኑን የሚያመላልሰው መኪና የሚነሣበት ሰዓት ነው ብላ ተረጎመችው። ጸሎቱ የሚጀመርበት ሰዓት ነበር።

በልጅቱ አልፈርድም። አባቷ በየማለዳው ከአዘዞ የሚሳፈርበትን የሠራተኞች አውቶቡስ የምታውቀው «ሰርቪስ» በሚለው ስሙ ነው፤ ተከራይተው የሚኖሩበትም ከዋናው ቤት ጀርባ የተሠራው ክፍል ሰርቪስ ይባላል። የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላቷን ስትገልጥ ያገኘችው ደግሞ «አገልግሎት» የሚለውን ብቻ ነው። ፍቺው ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ከምንባቡ አያደርሳትም።

በእንግሊዝኛ ይኸው ቃል ለወታደር ውትድርናው፣ ለቴኒስ ተጫዋች ጨዋታውን የሚጀምርበት ምት፣ ለባለ መኪና የዘይት ቅየራና ፍተሻ፣ ለእመቤት አንድ ዓይነት የሻይ ዕቃ ሙሉ ስብስብ ነው። በፍርድ ቤት ደግሞ መጥሪያን ለተከሳሽ ማድረስ ማለት ስለሆነ፣ ይህን «የመጥሪያ አገልግሎት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ባለጉዳዩን ያሳስታል። ቃሉ የመጣው ባሪያ የሚል ትርጉም ካለው «ሴርቩስ» ከተባለ የላቲን ቃል ሲሆን፣ ለሌላ መታዘዝና ለሌላ መሥራት የሚለው ሐሳብ በአብዛኞቹ ፍቺዎች ውስጥ እስከ ዛሬ ይታያል። የእኛም «አገልጋይ» በቤተ መቅደስ ለሚቀድሰው ዲያቆንም፣ በሰው ቤት ለምትሠራውም ይነገራልና፣ ዝምድናውን ለተማሪ ማስረዳት አይከብድም።

የአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ልጆች ከአንድ ቃል ሁለት ምሥጢር ማውጣት እንግዳቸው አይደለም፤ የቅኔ ተማሪ ኅብረ ቃልን የሚለማመደው ለዚሁ ነው። ቅኔ ያልቆጠረውም ቢሆን «እሳት በላው»፣ «ጉቦ በላ»፣ «ምሳ በላ» ሲባል ልዩነቱን የሚለየው በአጠገቡ ካሉት ቃላት ነው። እንግሊዝኛውን ስናስተምር ግን ይህን ችሎታቸውን ወደ ጎን ትተን ቃልን ከቃል ጋር በሁለት ዐምድ እናስጠናቸዋለን። እኔም ለብዙ ዓመታት ያስተማርሁት እንዲሁ ነበር፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ መዝገበ ቃላትና አጋዥ መጻሕፍት የምታሳትሙ ወገኖች፣ በእያንዳንዱ ፍቺ ሥር ቢያንስ አንድ ዐረፍተ ነገር እንድትጨምሩ በትሕትና እጠይቃለሁ። ገጹ ቢበዛና ዋጋው ጥቂት ከፍ ቢል እንኳ የሚገዛው ወላጅ አይጠፋም።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከጎንደር